ይህ ሁሉ መሬት ለቀበሮ?

ኮንጋ ላይ ሥራ የፈታ መሬት አታገኙም። ከዛፉ ጥላ ሥር ቡና፣ ከቡናው መሐል እንሰት፣ በቀረችው ክፍተት ደግሞ ጎመን አለ። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል ድርሻው በቡና እግር ይቆጠራል። እዚህ ያደገ ወጣት ሰፊ ባዶ ሜዳ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ያወቅሁት ባሌ ስንሄድ ነው።

ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር በዲላና በሻሸመኔ በኩል ተጉዘን ጎባ አደርን። በማግስቱ ማለዳ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወደሚገኘው ሳነቴ ወጣን። ሳነቴ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ያለው ሰፊ ሜዳ ነው፤ ከበላዩ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ደርሶ ይታያል። ሣሩ አመዳይ ለብሷል። ትንፋሽ ስላጠረን የጀመርነው መዝሙር ከአዝማቹ አላለፈም። ጅብራው እዚህም እዚያም ለብቻው ቆሟል። አንዲት ቀይ ቀበሮ ሆዷን ከምድር አስጠግታ ፍልፈል ታደባለች። ይህች ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትገኝም፤ የቀሩትም ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ መሬት ለቀበሮ ነው?» አለኝ አንዱ ወጣት። ማንም አልሳቀም። በዚያው ዓመት አባቱ ቡናውን ለአምስት ወንድማማቾች አካፍሎ ነበር።

እኔም ፈጥኜ ስለ ውኃው ነገርኩት። ወይብና ወደ ገናሌ የሚገቡ ወንዞች ከዚህ ተራራ ይነሣሉ፤ ቆላ ያለው ሕዝብና ከብቱ እስከ ሶማሊያ ድረስ ከእነርሱ ይጠጣል። መልሱ እውነት ነው። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ወንዝ ባይነሣበትስ ኖሮ? ተራራው ዋጋ የሌለው ሊሆን ነው? ዋጋ በጥቅም ብቻ ከተለካ ሚዛኑ ሳነቴ ላይ አይቆምም፤ አልጋ ላይ ወደ ዋለችው አያታችን፣ ተመርቆ ሥራ ወዳጣው ወንድማችን ይመጣል።

መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 38 ላይ እግዚአብሔር ሰው በማይኖርበት ምድረ በዳ ዝናብ እንደሚያዘንብ ይናገራል። የሚያጭድ የለም፤ የሚያመሰግን ገበሬም የለም። እርሱ ግን ያጠጣዋል። በዘፍጥረትም ሰው ከመፈጠሩ በፊት ፍጥረቱን አይቶ መልካም ብሎታል። መልካምነቱ ከእኛ ጥቅም ይቀድማል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቀበሮዋን አድንቆ ሰውን መርሳትም ኃጢአት ነው። በፓርኩ ውስጥ ከብት እያረቡ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ፤ እኛ የምናደንቀው ሣር የእነርሱ እንጀራ ነው። የሁላችን የሆነውን ለመጠበቅ ዋጋውን እነርሱ ብቻ ሊከፍሉ አይገባም። አንዳንድ ጊዜ የሁለቱ ጥቅም አንድ ነው፤ የእረኛው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲያገኝ ልጁም ቀበሮዋም ይድናሉ። የግጦሹ ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም፤ ትዕግሥትና ፍትሕ ይጠይቃል።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድርና የባሌ ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ በአንድ ጉባኤ በዓለም ቅርስነት መዘገበ። አንዱ የሰው እጅ ያለማው ነው፤ ሌላው በተፈጥሮው የከበረ። ለአዳም የተሰጠውም ትእዛዝ ሁለቱንም ይዟል፤ ገነትን እንዲያለማ፣ እንዲጠብቅም። እኛ ጌዴኦዎች ማልማቱን ከአባቶቻችን ተምረናል። ሳነቴ ያስተማረኝ ሁለተኛውን ነው፤ እጅን ሰብስቦ መጠበቅም መታዘዝ ነው።

ለዚያ ወጣት በማግስቱ እንዲህ አልኩት፦ «ጥያቄህ ትክክል ነው፤ የአንተም የመሬት ችግር እግዚአብሔር ፊት ትንሽ አይደለም። ቀበሮዋን የሚመግብ አምላክ አንተን አልረሳም፤ እኛም ወንድሞችህ ልንረሳህ አይገባም።» እርሱም ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ይህን ከተናገርኩ በኋላ ለእርሱ ሥራ ማፈላለግ የእኔም ዕዳ ሆነ።

ለውይይት፦ በሰፈራችሁ «ምንም አይጠቅምም» የተባለ ሰው ወይም ፍጥረት ማን ነው? እግዚአብሔርስ እንዴት ያየዋል?