አገር ትቅደም፤ ሰውስ?

«አገር ትቅደም» የሚለው ሐሳብ በቻይና የፖለቲካ አስተሳሰብ ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። ሊያንግ ቺቻዎ እ.ኤ.አ. በ1903 ሰሜን አሜሪካን ጎብኝቶ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሚኖሩ ወገኖቹንም አይቶ ሲመለስ፣ ሕዝቡ ለዴሞክራሲ ገና አልበሰለም ብሎ ደመደመ። ሱን ያትሰንም በ1924 ባደረጋቸው ንግግሮች ቻይናውያንን ከተበተነ አሸዋ ጋር አመሳስሎ፣ ነጻነት ከግለሰቡ ይልቅ ለአገር ይገባል ሲል አስተማረ።

ሁለቱም ይህን ያሉት በክፋት አልነበረም። የባዕዳን ኃይሎች አገራቸውን ሲቀራመቱ እያዩ ነው ያደጉት፤ ቤት ሲቃጠል ደግሞ ስለ ክፍል ድርሻ የሚሟገት የለም። ግን እሳቱ መጥፋቱን የሚናገረው ማን ነው? ይህን የመናገር ሥልጣን የገዢው ብቻ ከሆነ፣ የሰው ተራ መቼም አይደርስም።

የቻይና መንግሥት በ1991 ባወጣው የሰብአዊ መብት ሰነድ፣ ከሁሉ የሚቀድመው በሕይወት የመኖር መብት ነው አለ። የተራበ ሰው ከምርጫ ኮሮጆ በፊት እህል እንደሚሻ ማንም አይክድም። ነገር ግን 1959ን ማስታወስ ያሻል። ሹማምንት ያልተገኘውን ምርት እንደተገኘ አድርገው ሪፖርት ሲያቀርቡ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ፐንግ ደኋይ ስጋቱን ለማኦ በደብዳቤ ገለጸ፤ ከሥልጣኑም ተሻረ። ከዚያ ወዲያ እውነቱን ለመናገር የሚደፍር ጥቂት ሆነ። ረሃቡም እስከ 1961 ዘልቆ ሚሊዮኖችን ፈጀ።

የመናገርን መብት ከጥጋብ በኋላ የሚመጣ ቅንጦት አድርጎ ማየት የሚቻለው ራስ ጠግቦ ሲያዩት ነው። «ተርበናል» ማለት የተከለከለ ሕዝብ እህሉንም ያጣል፤ አገር የሚባለውም ያው ሕዝብ ነው።