የምላስ ምስክርነት

ሲጋር ለመመዘን የሚቀመጡ ቀማሾች ከሁሉ በፊት ቀለበቱን ያወልቃሉ። በወርቅና በቀይ ቀለም ያሸበረቀው ያ ቀጭን ወረቀት የፋብሪካውን ስም ስለሚያሳብቅ በቦታው ቁጥር ብቻ ይገባል። ከዚያ ጫፉ ይቆረጣል፤ ሳይለኮስ አንድ ሁለቴ ይሳባል። ከተለኮሰ በኋላ ጭሱ ወደ ሳንባ አይወርድም፤ አፍ ውስጥ ተንሸራሽሮ ይወጣል። አንዱ ቀማሽ “የሴዳር እንጨትና የካካዎ ጣዕም አለው” ብሎ ይጽፋል። አጠገቡ ያለው ደግሞ “ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል፤ መጨረሻው መራራ ነው” ይላል። ሁለቱም ያነሡት ከአንድ ሳጥን ነው። ታዲያ ከሁለቱ የተሳሳተ አለ? ወይስ በጣዕም ነገር ስህተት የሚባል ጨርሶ የለም?

ብዙ ሰው “ሁሉም እንደ ምላሱ ነው” ብሎ ጥያቄውን ይዘጋዋል። አባባሉ ትሕትና ያለበት ይመስላል፤ ግን የሚናገረው ሰው ራሱ አይኖርበትም። ያረረ ወጥ ሲቀርብለት “ወጡ አርሯል” ይላል እንጂ “ለእኔ አርሯል” አይልም። የሚናገረው ስለ ድስቱ ነው።

የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ ባሳተመው ድርሰት ይህንኑ ጥያቄ ፊት ለፊት ገጥሞታል። ምሳሌውን የወሰደው ከሰርቫንቴስ “ዶን ኪኾቴ” ነው። የሳንቾ ፓንዛ ሁለት ዘመዶች በአንድ በርሜል ወይን ጠጅ ላይ እንዲፈርዱ ተጠሩ። አንዱ ቀምሶ “መልካም ነው፤ ግን ቆዳ ቆዳ ይላል” አለ። ሌላው “መልካም ነው፤ ግን ብረት ብረት ይላል” አለ። የሰማ ሁሉ ሳቀባቸው። በርሜሉ ተሟጦ ሲያልቅ ግን ከሥሩ በቆዳ ጠፍር የታሰረ አሮጌ ቁልፍ ተገኘ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ያገኙት ግን የእውነቱን ግማሽ ነው።

የሲጋር ቅምሻ ክብር የሚገባው ይህ ቁልፍ እስካለው ድረስ ነው። ደግሞም አለው። በኩባ ምዕራብ፣ ፒናር ዴል ሪዮ ውስጥ በሚገኘው የቩዌልታ አባሆ አውራጃ የትምባሆው ተክል ቅጠሎች እንደ ቁመታቸው ይለያሉ። ከታች የሚለቀመው ቮላዶ ለዘብ ያለና በደንብ የሚነድ ነው። የመካከሉ ሴኮ መዓዛውን ይሰጣል። ፀሐይ በብዛት የሚያገኘው የላይኛው ሊሄሮ ወፍራም፣ ቅባታም፣ ኃይለኛ፣ ቀስ ብሎ የሚነድ ነው። ሲጋሩን የሚጠቀልለው ሰው ሊሄሮውን መሐል ላይ አድርጎ ሌሎቹን በዙሪያው ይሰበስባል፤ በማሰሪያ ቅጠል ይይዘዋል፤ በመጨረሻም ቻቬታ በተባለች እጀታ አልባ ስለት የተስተካከለውን ስሱን የሽፋን ቅጠል ያለብሰዋል። ሊሄሮው ወደ አንድ ጎን ካጋደለ እሳቱም ያጋድላል፤ ኃይለኛው ጣዕም ያለ ቦታው ይመጣል። ከመጠቅለሉ በፊት ቅጠሉ ተከምሮ በገዛ ሙቀቱ ይብላላል፤ ያኔ አሞኒያው ይወጣል። በቅጡ ሳይብላላ ከተጠቀለለ ግን አሞኒያው አጫሹ አፍንጫ ላይ ይደርሳል።

እንግዲህ “አሞኒያ ይሸታል” የሚል ቀማሽ ስለ ስሜቱ ብቻ አልተናገረም፤ ስለ ክምሩ መስክሯል። “ከመሐሉ በኋላ አልሳብ አለኝ” ላለውም ሲጋሩን በምላጭ ለሁለት ሰንጥቆ የተቋጠረውን ቅጠል ማየት ይቻላል። ሴዳሩም መነሻ አለው፤ ጥሩ ሲጋር የሚቀመጠው በዚያ ስም በሚጠራ እንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። ካካዎው ደከም ያለ ምስክር ነው። ካካዎ የጨመረበት ሰው የለም፤ ቃሉ ማመሳሰያ ብቻ ነው።

ሂዩም ለፈራጅ ካስቀመጣቸው መመዘኛዎች አንዱ ከአድልዎ ነጻ መሆን ነው። ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በ2001 የወጣ አንድ የፈረንሳይ ጥናት አሳይቷል። በቦርዶ 54 የወይን ጠጅ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ማቅለሚያ የቀላ ነጭ ወይን ጠጅ ቀረበላቸው፤ እነሱም ቀይ ወይን ጠጅ በሚገለጽባቸው ቃላት ገለጹት። ዓይን ምላስን አዝዞታል ማለት ነው። በ1992 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው “ሲጋር አፊሲዮናዶ” መጽሔት ቀለበቱን አስወልቆ ከ100 ነጥብ የሚያስመዝነው እንዲህ ያለውን አድልዎ ለመከላከል ነው። ቀለበት ማውለቅ ግን ቁጥሩን አያድነውም። ሮበርት ሆጅሰን የተባለ ተመራማሪ በካሊፎርኒያ የወይን ጠጅ ውድድር ላይ ለዳኞች ያንኑ ወይን ሳይነግራቸው ሦስት ጊዜ አቀረበ፤ በ2008 ባሳተመው ውጤት ፍርዱን በቅርብ ነጥቦች ውስጥ የደገመው ከአሥር ዳኛ አንዱ ያህል ብቻ ነበር። ወይን ጠጁ ላይ የታየው ሲጋሩን ይምረዋል ብሎ ለማመን ምክንያት የለም። በ91 እና በ92 መካከል በርሜሉን ቢገለብጡ የሚገኝ ቁልፍ የለም። የቀማሹ ምስክርነት የሚታመነው ምክንያቱን ሲናገር ነው፤ ነጥብ ብቻ ሲሰጥ ግን መታመን የለበትም።

ፈላስፋው ካንት በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩን በሌላ መንገድ ቆረጠው። የካናሪ ደሴቶች ወይን ጠጅ ደስ ይላል የሚል ሰው “ለእኔ” ብሎ እንዲጨምር ቢያርሙት አይቀየምም ይላል። እዚህ ላይ ካንት ቸኩሏል፤ በርሜሉን ሳይከፍት ነው የፈረደው። ደስ የሚያሰኘውን ከመልካሙ መለየቱ ግን ሊታለፍ አይገባም፤ በሲጋር ጉዳይ ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ነው።

የሥነ ልቦና ትንተና መሥራቹ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1923 የአፍ ካንሰር ተገኘበት። በ1939 እስኪሞት ከ30 ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሞቹ ተው ቢሉትም ሲጋሩን አልተወም፤ ለሥራዬ ያስፈልገኛል ብሎ ያምን ነበር። የሰለጠነ ምላሱ ከዚህ አላዳነውም፤ ሊያድነውም አይችልም ነበር። ጭሱ ወደ ሳንባ ባይወርድም አፍንና ጉሮሮን ለካንሰር ይዳርጋል፤ ይህ ጉዳት ደግሞ ጣዕም የለውም። አሞኒያን ለይቶ የሚያውቅ ምላስ እዚህ ላይ ምስክር ሆኖ ሊቀርብ አይችልም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምባሆን አጥብቃ ታወግዛለች፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛም በዘመናቸው በብርቱ ቅጣት ከልክለውት ነበር። የሲጋር ወዳጆች ለዚህ ዓይነቱ ውግዘት “ያልቀመሰ ምን ያውቃል?” ብለው ይመልሳሉ። ስለ ሊሄሮና ስለ ሴኮ ከሆነ እውነት ነው፤ ያልቀመሰ አያውቅም። ለሥጋና ለነፍስ ይበጃል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን መቅመስ ለማንም የተለየ ሥልጣን አይሰጥም። በበዓል ወይም በሠርግ ላይ ሲጋር የተዘረጋለት ምእመንም እምቢ ለማለት “ይከረፋል” ብሎ በሐሰት መመስከር አያስፈልገውም። በደንብ የተብላላ የቩዌልታ አባሆ ቅጠል መዓዛው ያማረ መሆኑን ሳይክድ፣ አመስግኖ ሊመልሰው ይችላል።