ቤቱን የሚሸጥ ሰው ለጎረቤቱ ምን ዕዳ አለበት?

ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ወይም ከአባቱ የወረሰውን ቤት ለፈለገው ሰው፥ በፈለገውም ዋጋ ሊሸጥ መብት አለውን? ጥያቄውን ለሰማው ሁሉ መልሱ ቀላል ይመስላል። ቤቱ የእርሱ ከሆነ ሽያጩም የእርሱ ነው፤ ሕግም አይከለክለውም። ይሁን እንጂ በተራራ ላይ በተሠራ ከተማ አንድ ቤት ሲሸጥ ሰፈሩ ሁሉ የሚንሾካሾክበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱም ምቀኝነት ብቻ አይደለም። እንግዲህ፥ ውድ አንባብያን ሆይ፥ ደሴን ምሳሌ አድርገን ነገሩን በጥቂቱ እንመርምረው።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዳገቶቿ ላይ ያሉት ቤቶች እንደ ደረጃ አንዱ ከሌላው በላይ ተሠርተዋል፤ የላይኛው ሰው ግቢ ከታችኛው ሰው የቤት ክዳን ጋር የሚስተካከልበት ስፍራ ብዙ ነው። በእንደዚህ ያለ ቦታ የላይኛው ሰው የውሃ መውረጃ ቦዩን ሳይጠርግ ክረምት ቢገባበት፥ የሐምሌ ጎርፍ የሚያፈርሰው የታችኛውን ቤት ነው። የላይኛው የድንጋይ ካብ ቢሰነጠቅ እንቅልፍ የሚያጣው የታችኛው ነው። በዳገቱ ላይ አፈሩ በዝናም ጊዜ የሚንሸራተት መሆኑን የከተማይቱ ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። «የእኔ ነገር በአጥሬ ያበቃል» የሚለው ቃል በውል ወረቀት ላይ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጎርፉ ግን ወረቀት አያነብም።

በዚህ ላይ የሞት ነገር አለ። መኪና በማይገባበት አቀበት ሰው በሞተ ጊዜ ሬሳውን የሚያወጣው የሰው ትከሻ ነው። ዕድርተኛ በየወሩ የሚያዋጣው ገንዘብ ድንኳኑን፥ ድስቱንና ወንበሩን ይገዛ ይሆናል፤ ቃሬዛውን የሚሸከሙትን ስምንት ወይም ዐሥር ጎልማሶች ግን አይገዛም። ስለዚህ ከሰፈሩ አንድ ቤት ተሸጦ በሩ ተዘግቶ ሲቀር የቀሩት ሰዎች ሸክም በዚያው መጠን ይከብዳል። ይህን የምጽፈው በምሳሌ ለመናገር ሳይሆን ነገሩ እንዲሁ በቁሙ ስለሆነ ነው።

ሕጉንም እንመልከት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሆነ፤ ለአንድ ቤተ ሰብም አንድ መኖሪያ ቤት ተተወለት። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የሚሸጥ የሚለወጥ አለመሆኑን ደነገገ፤ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው ግን የራሱ እንደ ሆነ አጸና። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቤቱን የሚሸጥ ሰው በሕግ ፊት የሚሸጠው ግድግዳውንና ክዳኑን ነው፤ ቦታው የእርሱ አይደለምና።

ታዲያ የገዢው ገንዘብ የሚከፈለው ለምንድር ነው? በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፥ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ አሮጌ ቤት እናስብ። ይኸው ቤት መንገድና ውሃ በሌለበት ሩቅ ቀበሌ ቢቆም ዋጋው የእንጨቱና የቆርቆሮው ያህል ነው። በከተማው መካከል ሲቆም ግን ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ያ ብልጫ ከጭቃው አልወጣም። መንገዱን ያስጠረገ፥ ቧንቧው እንዲገባ ገንዘብ ያዋጣና ደጅ የጠና፥ በሌሊት «ሌባ!» ሲባል ዱላ ይዞ የወጣ፥ የጎረቤቱን ልጅ እንደ ልጁ የቀጣና ያበላ ሰው ሁሉ በዚያ ብልጫ ውስጥ ድርሻ አለው። ሻጩም ከእነዚህ አንዱ ነውና ድርሻው ይገባዋል፤ ነገር ግን ብቻውን አልሠራውም። ገንዘቡን ብቻውን ሲቀበል ከሌሎች እጅ የወጣውንም አብሮ ይቀበላል።

እስከዚህ ድረስ ለጎረቤት ተናገርሁ። አሁን ደግሞ በጎረቤት ላይ ልናገር ይገባኛል።

አንዲት መበለት አለች እንበል። ሀብቷ ይህ ቤት ብቻ ነው፤ ልጇ ታሟል፥ ዕዳም አለባት። ጎረቤቷ ለቤቱ 2 ሚሊዮን ብር ይሰጣል፤ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ደግሞ 3 ሚሊዮን። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፥ «እናታችን፥ እባክዎ ለእኛ ለሚያውቁን ይሽጡልን፤ ሰፈራችንን አይበትኑብን» ይሏታል። ቃሉ ያማረ ነው። ትርጓሜው ግን ሰፈሩ አንድ ሆኖ እንዲኖር እርስዎ 1 ሚሊዮን ብር ይክፈሉ ማለት ነው። ከሰፈሩ ሁሉ ድኻይቱ እርሷ ሳለች ለሁሉ የሚጠቅመውን ነገር ብቻዋን እንድትከፍል መጠየቅ ምን ዓይነት ፍቅር ነው?

ከዚህም የከፋ አለ። «ለባዳ አትሽጥ» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ የሚሸፍነው ሌላ ነገር ነው፤ የገዢው ዘር ወይም ሃይማኖት አልተወደደምና። ንጉሥ ሚካኤል በዚያችው በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ተብሎ ይጠራል፤ ገቢውን ሁሉ ሳይጠየፍ የሚቀበል ማለት ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዕድር ሲቀባበሩ በኖሩባት ከተማ ለገዢ በር መዝጋት ሰፈርን መጠበቅ አይባልም።

እንግዲህ የጎረቤት ድርሻ እውነተኛ ከሆነ፥ የመበለቲቱም መብት እውነተኛ ከሆነ፥ እንዴት ይታረቃሉ? የጥንቱ ሕግ ይህን አስቦበታል። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደምናገኘው፥ ወንድም ደኽይቶ ርስቱን ቢሸጥ የቅርብ ዘመዱ መጥቶ ይቤዠዋል፤ ቅጥር ባለው ከተማ ቤት የሸጠ ሰውም እስከ አንድ ዓመት ድረስ መልሶ ሊቤዠው ጊዜ ተሰጥቶታል። ልብ በሉ፤ ሕጉ ድኻውን «አትሽጥ» አላለውም። የሚቤዠው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ነው። በመጽሐፈ ሩትም ከቦዔዝ ይልቅ የሚቀርበው ዘመድ እርሻውን እቤዣለሁ ካለ በኋላ፥ የሚያስከትለውን ግዴታ በሰማ ጊዜ የራሴን ርስት እንዳላበላሽ ብሎ ተወው፤ ጫማውንም አውልቆ መብቱን ለሌላ ለቀቀ። ስሙ እንኳ በመጽሐፉ አልተጻፈም። በሐነፊ የእስልምና ሕግ ትምህርት ያለው «ሹፍዓ» የሚባለው ሥርዓትም ከዚህ አይርቅም፤ አጎራባቹ ቤቱን ለራሱ ለማስቀረት ይችላል፥ ነገር ግን ባዕዱ ገዢ የሰጠውን ዋጋ ያንኑ ያህል ከፍሎ ነው።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ጎረቤት ቀድሞ የመጠየቅ መብት አለው፤ ዋጋ የማሳነስ መብት ግን የለውም። ሰፈሩ ያን ቤት ለወገን ለማስቀረት ከወደደ ዕቁቡን ሰብስቦ፥ ዕድሩም ቢሆን አዋጥቶ፥ በመካከል የጎደለውን ይሙላ። የማይሞላ ከሆነ እንደዚያ ስሙ እንዳልተጻፈው ዘመድ መብቱን ይልቀቅና ለአዲሱ ሰው በር ይክፈት።

ሌሎች ተራሮችም ይህ ክርክር አልቀረላቸውም። በስዊስ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 11 ቀን 2012 በተደረገ የሕዝብ ድምፅ፥ በየቀበሌው ለዕረፍት ብቻ የሚያገለግሉ ሁለተኛ ቤቶች ከመቶ 20 እንዳይበልጡ ተወሰነ። መስኮታቸው አብዛኛውን ዓመት የሚጨልም ቤቶች የተራራውን መንደር እየሞሉት ነበርና ውሳኔው መልካም ይመስላል። ያለፈው ግን ከመቶ 50.6 በሆነ ድምፅ ብቻ ነው፤ እንደ ቫሌ ያሉት ተራራማ አውራጃዎች ራሳቸው አጥብቀው ተቃወሙት። የአናጢውና የግንበኛው እንጀራ፥ የቤታቸውም ዋጋ ያለው በዚያ ነበርና። የተራራውን ውበት ከሜዳ ሆኖ የሚወድድ ሰው የውበቱን ዋጋ ለተራራው ሰው ሊያስከፍል ይቀለዋል።

የተዘጋ ቤት ነገር በእኛም ዘንድ አለ። በአሜሪካም በዓረብ አገርም ደክመው ያገኙትን ገንዘብ ልከው በተወለዱበት ከተማ ቤት የሚገዙ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እነርሱን መንቀፍ አይገባም፤ ብዙዎቹ ለእርጅናቸው ወይም ለወላጆቻቸው አስበው ነው። ነገር ግን ቤቱን በዘበኛ ብቻ አስጠብቀው ዓመታት ቢያልፉ፥ ዕድሩ ገንዘባቸውን እንጂ ትከሻቸውን አያገኝም፤ ቦዩንም የሚጠርግ የለም። ቤታቸውን ባያከራዩ እንኳ አንድ ዘመድ ወይም አንድ ድኻ ቤተ ሰብ ቢያስገቡበት፥ በዕድሩም መዝገብ ላይ በእነርሱ ፈንታ የሚቆም ሰው ቢያስጽፉ ይህ ጉድለት ይሞላል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወጥቶ ነበር። በእንደዚያ ያለ ቀን ሰው ቤቱን አደራ የሚለው ለቀረው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ከሌለ አደራውን የሚቀበል የለም።

ሻጩ እንግዲህ ምን ያድርግ? ደላላ ከመጥራቱ በፊት ለግራና ለቀኝ፥ ለላይና ለታች ጎረቤቱ ይንገር፤ ለመመካከርም ጥቂት ሳምንታት ይስጣቸው። ካቡ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ለገዢው አይደብቅ፤ እርሱ ቢደብቀው ዋጋውን በክረምት የሚከፍለው በውሉ ላይ ስሙ የሌለበት የታችኛው ሰው ነውና። ውሉ በተፈረመ ማግስትም ገዢውን ይዞ በየደጁ ይዙርና ከሰዎቹ ጋር ያስተዋውቀው፤ የዕድሩን ዳኛ ቤት፥ የቦዩንም መንገድ ከላይ እስከ ታች ያሳየው።