የጉድጓድ ቆፋሪው ገመድ

ሁለት የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ከሩቅ አገር መጥተው በአንድ ባላባት ግቢ ተቀጠሩ። የማደሪያ ፈቃዳቸው በባላባቱ ማኅተም ነበር፤ እሱ ካሰናበታቸው ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል። መከሩና ከንጉሡ ችሎት ቀርበው በየስማቸው አመለከቱ፦ «አገሩ ውኃ ጠምቶታል፤ እኛ ውኃ ማውጣት እናውቃለን። ያለ ዋስ፣ በሙያችን እንኑር።» ዳኛውም «ቃላችሁ ተጽፏል፤ ተራችሁን ጠብቁ» አሏቸው።

ተራው ራቀ። ክረምቱ ሄደ፣ በጋው መጣ። በዚህ መሀል የወንዝ ማዶ ባላባት ለአንደኛው እጥፍ ምንዳ አቀረበለት። መንደርተኛው ጮኸ፦ «ተው! ጌታ ከቀየርክ አቤቱታህ ሞተ!» እሱ ግን አልተጣደፈም። መጀመሪያ አዲሱ ባላባት የማደሪያ ፈቃድ እንዲያመለክትለት አደረገ፤ ከዚያ ዶማውንና መለኪያ ገመዱን ይዞ ተሻገረ። ውኃ ባገኘ ቁጥር ገመዱን እስከ ውኃው ይሰዳል፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ፣ በጭቃ እጁ፣ ይቋጥራል። እዚህ ማዶም ቋጠሮ፣ እዚያ ማዶም ቋጠሮ።

ሁለተኛው ካለበት ንቅንቅ አላለም። ባላባቱ «ታማኝ ነህ» ብሎ የጨው ንግዱን ሰጠው። እሱም ገመዱን ፈትቶ አህያ ጫነበት።

ቀኑ ደረሰና ተጠሩ። አንደኛው ሳይጠየቅ «ጌታዬ፣ ባላባት ቀይሬአለሁ» አለ።

«እሱን ማን ጠየቀህ? ገመድህን!» አሉ ዳኛው። ቋጠሮውን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ «የዚህ ጭቃ ገና አልደረቀም» አሉ።

ሁለተኛው ደረቱን ነፋ፦ «እኔ እንኳ ጌታ አልቀየርኩም!» ዳኛው ገመዱን ዳሰሱ፤ ጣታቸውንም ቀመሱ።

«ይሄማ ጨው ነው» አሉ።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥም ነገሩ ይህን ይመስላል። ኤን አይ ደብሊው በሚባለው የግሪን ካርድ መንገድ፣ አመልካቹ አይ-140 የተባለውን የማመልከቻ ቅጽ በራሱ ስም ማስገባት ይችላል፤ አሠሪ አያስፈልገውም። ዳናሳር በተባለው ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተሰጠው ውሳኔ ወዲህ የሚመዘነው ሦስት ነገር ነው፦ ሊሠራ ያሰበው ሥራ ለአገር ያለው ፋይዳ፣ ሥራውን ወደፊት ለመግፋት ያለው ብቃት፣ እና አሠሪ የማቅረብ ግዴታ ቢቀርለት አገሪቱ ትጠቀም እንደሆነ። መሥሪያ ቤት መቀየር ብቻውን ማመልከቻውን አይጥለውም። ያመለከቱበትን ሥራ መተው ግን፣ እዚያው ቢሮ ውስጥ ዕድገት ተብሎ ቢመጣም፣ ጥያቄ ያስነሳል።

ኤች-1ቢ የተባለው የሥራ ቪዛ ግን ከአሠሪ ጋር የታሰረ ነው። አዲሱ አሠሪ የራሱን ማመልከቻ ሳያስገባ ሥራ አይጀመርም፤ ሥራ ለተቋረጠበትም የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። እንግዲህ መልቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፍህ በፊት የአዲሱ አሠሪ ማመልከቻ መግባቱን አረጋግጥ፤ አዲሱ ሥራ ካመለከትክበት ጋር የሚገናኝበትንም ማስረጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ሰብስብ።