ዓይን ወዶ ጆሮ ሲጠላ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው የሚወደውን መምረጡ በደል ነውን? አንዱን ቁመት ይማርከዋል፤ ሌላውን ድምፅ፤ ሌላውን የዓይን አጣጣል። ይህን የሚከለክል ዳኛ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ነገር ግን «የዚያን ዘር ሰው ልቤ አይወድም» የሚልም ሰው በዚሁ ነጻነት ይጠለላል። ይህስ ምርጫ ነው ወይስ ንቀት? ጥያቄው ነጭና ጥቁር አብረው በሚኖሩበት አገር ብዙ ተነሥቷል። እኔ ግን ከጣና ዳር ልጀምር፤ እኛ የቆጋ ሰዎች ባሕር ዳር በወረድን ቍጥር በዓይናችን የምናየው ነውና።

በጣና ዳር ነገደ ወይጦ የሚባሉ ወገኖች ይኖራሉ። ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ቅርጫት ይሰፋሉ። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ መናገር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለ ነበር ጎረቤት ሁሉ እንደ ርኩስ ቈጠራቸው፤ አደኑ ከቀረ በኋላም ስሙ አልቀረም፤ ከእነርሱ ጋር መጋባትም ነውር ሆኖ ኖረ። የለየን ሃይማኖት ነው እንዳይባል፣ እነርሱ ሙስሊሞች ሲሆኑ ሌሎቹ ሙስሊሞችም ጋብቻቸውን ሲሸሹ ኖረዋል። መልክ ነው እንዳይባልም፣ ብዙዎቹን በከተማ መንገድ ላይ ከሌላው ሰው ለይቶ ማወቅ ይቸግራል።

እንግዲህ አንድ ጎልማሳ በገበያ ያያትን ልጅ ወደደ እንበል። አነጋገሯን ወደደ፤ ሣቋን ወደደ፤ ለእናቱም ነገራቸው። እናቱም እንደ አገራችን ልማድ «የማን ልጅ ናት?» አሉ። (ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት መቍጠር ደግ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ያው ጥያቄ አጥንት ለመመርመርም ያገለግላል።) ተጠየቀ፤ ተጣራ፤ «ወይጦ ናት» ተባለ። ጎልማሳውም በማግሥቱ «እንጃ፤ አሁንስ አታምረኝም» አለ። በአንድ ሌሊት የልጅቷ መልክ ተለወጠን? ዓይኑ የወደደውን ያስጠላው ጆሮው ነው። ይህን ስናይ የተፈጥሮ ምርጫ ነው ልንል አንችልም።

ሕግ የተማረ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ይህን ስነግረው ተከራከረኝ። «ጋሼ፣ ባላገባት ምን ወሰድሁባት? ፍቅሬ የራሴ ገንዘብ አይደለምን?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ፍቅርን ከሰው ላይ በክስ መጠየቅ አይቻልም። ነገር ግን የእውነተኛ ምርጫ ጠባዩ መለያየት ነው፤ አንዱ ጠይም ሲወድ ሌላው ቀይ ይወዳል። መንደር ሙሉ አንዲት ፊት ሳያይ በአንድ ቃል «አልወድም» ካለ ግን ይህ ምርጫ ሳይሆን አዋጅ ነው። ደግሞም በእኛ አገር ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከጋብቻ የተለየ ከማዕድ ይለያል፤ ከደቦ ይለያል፤ ለቅሶውንም ብቻውን ያለቅሳል።

የቀለሙም ነገር ከዚህ አይርቅም። «ጥቁር ናት፤ ግን ታምራለች» ሲባል የማይሰማ ማን አለ? ያቺ «ግን» ከየት መጣች? ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሰው በገበያ በሚሸጥበት ዘመን ዓይን ከዋጋው ጋር መልክን መመዘን ተማረ፤ ገበያው ሲዘጋ ትምህርቱ ግን በስድብና በቀልድ ከቤት ወደ ቤት ተላለፈ።

ኢጣሊያ አገራችንን በያዘች ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ኢጣሊያዊ ወንድ ከአገራችን ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገች። ደቡብ አፍሪካም በ1949 እ.ኤ.አ. ነጭ ከሌላ ዘር እንዳይጋባ ከለከለች። በአሜሪካ እንዲህ ያሉት የክፍለ ሀገር ሕጎች በጠቅላይ ፍርድ ቤት የፈረሱት በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ልብ በል፤ ዓይን በተፈጥሮው የሌላውን ዘር የሚጠላ ቢሆን ኖሮ ወህኒ ቤት ምን ያስፈልግ ነበር? እኛ የኢጣሊያን ሕግ ስናነብ ደማችን ይፈላል፤ በሹክሹክታ የምንጠብቀው ሕግ ግን አያስቈጣንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ወንድና ሴት ያለ ዘር ልዩነት እንዲጋቡ መብት ሰጥቷል፤ ሕጉ ግን ከሳሎን ወዲያ አይዘልቅም።

ሙሴ ኢትዮጵያዊት በማግባቱ ያማችው እኅቱ ማርያም በለምጽ እንደ ተቀጣች በዘኍልቍ እናነባለን። ታሪኩን ስንተርክ ሁላችንም በሙሽራይቱ ወገን ቆመን ነው። በጣና ዳር ግን በማን ወገን ቆመናል?

ጎልማሳው ልጅቷን የግድ ያግባ አልልም። ለጽድቅ ብሎ የሚያገባም ሰው ሌላ ዓይነት ንቀት ይዞ ይገባል፤ እንዲህ ያለ ባል በተጣላ ቍጥር ውለታውን ይቈጥራል። የምለው፣ ጆሮው የሠራውን በዓይኑ አያሳብብ ነው። እናቱንም ቶሎ አልፈርድባቸውም። እርሳቸው የፈሩት ልጅቷን ሳይሆን ጎረቤትን ነው፤ ታናሽ እኅቱን የሚጠይቅ ይጠፋል ብለው ነው። ይህም ፍርሃት በከንቱ የመጣ አይደለም፤ የልጁን ድፍረት የምትከፍለው እኅቱ ልትሆን ትችላለች። ለመሆኑ «አታምረኝም» ከማለቱ በፊት፣ እኅቱን ቁጭ አድርጎ ጠይቋት ነበርን?