ያነከሰው ያዕቆብ

ጎንደር በአታ ለማርያም የማኅሌት ሌሊት ረጅም ነው። ሊቃውንቱ የሚመሰከሩበት የዜማ ሙያ ስሙ ራሱ «አቋቋም» ነው፤ ከመቆም የወጣ ስም። እንግዲህ መቆም ያቃታቸው አባት ምን ያድርጉ? ጸሎት የልብ ከሆነስ የጭን አጥንትና የጉልበት ሎሚ ምን አገባቸው?

የጭን አጥንት ከሰው አጥንት ሁሉ ረጅሙ ነው፤ የቁመትን ሩብ ያህል ይይዛል። ኳስ የመሰለው ራሱ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። መጋጠሚያውን ከፊት የሚያስረው ጅማት ደግሞ በሰውነት ካሉት የአጥንት ማሰሪያ ጅማቶች ሁሉ ጠንካራው ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ይህ ጅማት ይወጠርና ወገቡ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይይዘዋል፤ ጡንቻም በዚያው መጠን ያርፋል። ዳሌ ለመቆም የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጉልበት ግን ሲሰግዱና ሲነሡ ከሰውነት ክብደት በላይ ይሸከማል፤ ያለቀ ልም አጥንቱም እንደ ቆዳ ቁስል ተመልሶ አይሽርም።

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 32 ላይ ያዕቆብን ሌሊት የታገለው የነካው እዚሁ ጠንካራው የዳሌ መጋጠሚያ ላይ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የጭኑን «ሹልዳ» ይለዋል፤ ሥጋ ቤት የሚያውቅ ሰው ቃሉን አይስተውም። ስለዚህም ሕጉን የሚጠብቁ አይሁድ ዛሬም በሹልዳው ላይ ያለውን ሥር አይበሉም። ያዕቆብ ግን ሌሊቱን ሙሉ ታግሎ ሳይባረክ አልለቀቀም። ሲነጋ ተባርኮም፣ እያነከሰም ሄደ። በረከቱ እግሩን አላዳነለትም፤ ማንከሱም በረከቱን አልቀነሰበትም።

ግእዝም ሁለቱን አይለያያቸውም። ጉልበት «ብርክ» ነው፤ «ባረከ» የሚለውም በእነዚያው ፊደላት ይጻፋል። ተንበርክኮ መስገድ «አስተብርኮ» ይባላል። ወላጅ ልጁን «የአብራኬ ክፋይ» ሲል የሚጠራው ይኸው ጉልበት ነው። ስለዚህ ሥጋ በጸሎት ጊዜ ደጅ የሚቀመጥ ጫማ አይደለም፤ አብሮ ይገባል፣ ሕመሙንም ይዞ ይገባል።

መቋሚያም የተሰጠው ለዚሁ ነው። ዜማው ሲነሣ በእጅ ይወዛወዛል፣ መሬት ይመታል፤ ድካም ሲመጣ ደግሞ አገጭ ያርፍበታል። በመቋሚያ የተደገፉ አባት ቆመዋል፤ የጎደለባቸው ነገር የለም።

ያዕቆብ ሞቱ ሲቀርብ ልጁን ዮሴፍን «እጅህን ከጭኔ በታች አድርግ» ብሎ አስማለው። ከዚያም፣ የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 እንደሚነግረን፣ በበትሩ ጫፍ ተደግፎ ሰገደ።