መክሊቱን ወደ ታች ያፈሰሰ ሰው

በወሎ ምድር የሚገኘው አርዲቦ ሐይቅ በተራሮች መካከል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ከእርሱ በታች ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ባሕር በ13ኛው መቶ ዓመት በዚያ ባስተማሩት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ምክንያት በመላው ኢትዮጵያ ሲታወቅ፥ የአርዲቦን ስም የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ከአርዲቦ ወገን የሚወርደው ወንዝ የሚገባው ወደዚሁ ወደ ታችኛው ባሕር ነው፤ ላይኛው ይሰጣል፥ ታችኛው ይመሰገናል።

ክቡራን አባቶችና ምእመናን ሆይ! ጸጋም እንዲሁ ነው። ሰው ከላይ የተቀበለውን ወደ ታች ባፈሰሰው ጊዜ ይበዛል፤ ለራሱ ክብር ብቻ ቢይዘው ግን ጌታችን በወንጌል እንዳስተማረን በምድር እንደ ተቀበረ መክሊት ይሆናል። ለዚህ ምስክር የሚሆኑንን ከሩቅ አንፈልግም፤ በዚያው አገር፥ በአምባሰል፥ በግሸን ማርያም አምባ የመነኰሱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አሉልን።

እማሆይ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበረ። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋራ ወደ ስዊስ አገር ለትምህርት ተልከው በዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በ1929 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ቤተ ሰቡን አግዞ አዚናራ ወደምትባል ደሴት ወሰዳቸው። ከነጻነት በኋላም ወደ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከተባለ የፖላንድ ተወላጅ መምህር ዘንድ ሙዚቃን በብርቱ ትጋት አጠኑ።

ቀጥሎም በሎንዶን ከፍተኛውን የሙዚቃ ትምህርት እንዲማሩ ዕድል ተገኘላቸው፤ ነገር ግን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ኀዘኑ እጅግ ስለ ጸናባቸው ምግብ እስከ መተው ደረሱ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳሉ ቅዱስ ቊርባን ተቀበሉ፤ ልባቸውም ወደ ምንኵስና አዘነበለ። ወደ ግሸን ወጥተው ዐሥር ዓመት ያህል ባዶ እግራቸውን እየሄዱ በጭቃ ጎጆ ኖሩ።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር መለየት ይገባናል። በሩ የተዘጋው እንዲመነኵሱ ነውና መልካም ሆነ ብለን አንናገርም። የሰውን መክሊት የሚከለክል ሰው ከፍርድ አያመልጥም፤ ዮሴፍን የሸጡት ወንድሞቹ ዮሴፍ በግብፅ ስለ ከበረ ጻድቃን አልሆኑም። እኛም የደብር አለቆች፥ ወላጆችና መምህራን የሆንን ሁሉ የስንቱን ልጅ መክሊት ዘግተን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እንዳልን እንመርምር።

«ፒያኖ ለመነኵሲት ምንዋ ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ፒያኖ የቅኔ ማሕሌት ዕቃ እንዳይደለ እናውቃለን፤ ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ያቆመልን ዜማ በከበሮ፥ በጸናጽልና በመቋሚያ ይበቃዋል። ነገር ግን ፍሬን የምናውቀው ከዛፉ ቅርፊት አይደለም። የእማሆይን ፍሬ እንይ።

እማሆይ የያሬድን ዜማ ለማጥናት ወደ ጎንደር በሄዱ ጊዜ የቆሎ ተማሪዎች በሜዳ እያደሩ፥ በየደጁ እየለመኑ ሲማሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ዜማ ብቻ ነበር። ስለዚህ የደረሱትን የፒያኖ ዜማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1967 በጀርመን አገር በሸክላ አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኞች መርጃ አደረጉት። ለዝና የተፈለገው ጥበብ ለእንጀራ ዋለ። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። በ2006 ዜማቸው እንደ ገና ታትሞ በብዙ አገር ሲሰማና ሲደነቅ እርሳቸው በጠባቧ ክፍላቸው ነበሩ፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ እርሳቸውን ማመስገን ቀላል ነው። ከባዱ ያዩትን ማየት ነው። በማሕሌት ሌሊት በያሬድ ዜማ ደስ ይለናል፤ ያንን ዜማ ለነገ የሚያቆይልን ልጅ ግን ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲቆም ውሻችን ይቀበለዋል። መምህሩ ያለ ጎጆ፥ ደቀ መዝሙሩ ያለ ራት ከቀረ፥ ዜማው በመጽሐፍ ብቻ ተጽፎ ሊኖር አይችልም፤ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ነውና።

ስለዚህ እያንዳንዱ ደብር ከሙዳየ ምጽዋቱ ለጉባኤ ቤቱ ድርሻ ይለይ፤ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የአንድ ተማሪ ራት ይቻል፤ ድምፅ ያለው በድምፁ፥ እጅ ያለው በእጁ ያገልግል። የሚጠየቀው መክሊቱ ምን ያህል ያማረ እንደ ነበረ አይደለም፤ ማንን እንዳጠገበ ነው።

የሰጠንን ጸጋ ለወንድማችን እንድናፈስስ እግዚአብሔር ልቡና ይስጠን፤ የእማሆይንም ነፍስ ከቅዱሳኑ ጋር ያሳርፍልን፤ አሜን።